አድማሴ ያልሳቀበት ገጽ

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን አዘዞ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ነበር። ለቡሄ ዳቦ የሚሆን ስንዴ ይዤ ነው የሄድኩት። ከፊቴ ሁለት ሰው ሲቀር ስልኬ ጠራ፤ ያሕያ ነው። ያሕያ ጎንደር ፒያሳ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው የባለቤቴ ወዳጅ ነው። ሲደውልልኝ ደኅንነቴን ከመጠየቁ በፊት «የደራሲ ሚስት! ዛሬስ ማንን ገደላችሁ?» ይለኛል፤ ባለቤቴ በሚጽፈው ልብ ወለድ ውስጥ ማለቱ ነው። የወፍጮው ድምፅ አላሰማ ሲለኝ ወደ ደጅ ወጣሁና «በል ጀምር እንግዲህ» አልኩት።

«እትዬ እስከዳር» አለኝ።

ያሕያ በሃያ ዓመት ትውውቃችን እትዬ ብሎኝ አያውቅም።

«እንጂነር ትንሽ አሞታል። እኔ ጋ ነው ያለው። ባጃጅ ያዢና ነይ። ቀስ ብለሽ ነይ።»

እንጂነር የሚለው ባለቤቴን ነው። ቀስ ብለሽ ሲለኝ ገባኝ። እሺ ከማለት በቀር ምንም አልጠየቅሁትም፤ መርዶ በስልክ እንዲናገር ላስጨንቀው አልፈለግሁም። ተመልሼ ገብቼ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት «ስንዴዬን ፈጭተህ አስቀምጥልኝ» አልኩት።

«ምነው ቲቸር፣ ተራሽ እኮ ደረሰ» አለኝ።

ዱቄቱን የወሰድኩት በስምንተኛው ቀን ነው። እርጥበት እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ አኑሮልኝ ነበር። ስለዚያ ሰውየውን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ባለቤቴ ሰውአገኝ ልዑልቃል ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ሆኖ ሠርቷል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሦስት ዓመት ልብ ወለድ ጽፏል። ያረፈው ያሕያ ሱቅ ውስጥ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራ ሲጠብቅ ነው። ልብ ነው አሉን። በእጁ የያዘው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ የመጽሐፉ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ያሕያ ወረቀቱን ሳያጣጥፍ በክላሰር አድርጎ ሰጠኝ። እኔም የምጽፈው ያ ገጽ ለምን በእጁ እንደነበረ ለመናገር ነው።

በትዳር ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖረናል። ሆኖም ከዚያ ውስጥ ሃያ ዘጠኙን ሰውአገኝ የኖረው ሳይት ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ጭቃ የለበሰ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል፤ ሰኞ ገና ሳይነጋ ይወጣል። ደባርቅ፣ ጭልጋ፣ ወገራ፤ እኔ አገሩን የማውቀው ከጫማው አፈር ነው። ቀይ ከሆነ ከወዲህ ነው የመጣው፣ ጥቁር ከሆነ ከወዲያ። እኔ አዘዞ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊደል አስተምራለሁ። ልጃችን ፅዮን ያደገችው በእኔ እጅ ነው፤ አሁን ባሕር ዳር አግብታ ትኖራለች። ይህን የምለው በቅሬታ አይደለም። በዚያ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ኑሮው እንደዚያ ነው። ብቻ ባሌ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ማታ «ሥራ እንዴት ነው?» ስለው «ሄዷል» ይለኛል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት «ሄዷል» ሲለኝ ኖረ።

ጡረታ የወጣ ሰሞን የሳይት ማስታወሻ ደብተሮቹን በሁለት ማዳበሪያ ጆንያ አድርጎ አመጣ። አርባ ሦስት ናቸው። እያንዳንዱን የሥራ ቀን ጽፎበታል፤ ስንት ሠራተኛ ገባ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ወጣ፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት ጀመረ። እኔ ለማገዶ የሚሆኑትን ልለይ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። እሱ ግን አንዱን ከፍቶ ገጾቹን ገለጠ። ቆይቶ «ስሚ» አለኝና አነበበልኝ።

«ሰኔ 21 ቀን 1989። ዝናብ ከ8፡00 እስከ 10፡30። ሠራተኛ 11። ሲሚንቶ የለም። አንድ ሰው በወንዝ ተወስዷል።»

«ማነው?» አልኩት።

«አድማሴ ይባላል። ያን ዕለት ስሙን አላውቀውም ነበር።»

ከዚያ ነገረኝ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ ያሠራ ነበር። አርማታው የፈሰሰው ሰኔ ሁለት ነው። አርማታ በደንብ እስኪጠነክር ሃያ ስምንት ቀን ሰው አይረግጠውም፤ ደንቡ ይኸው ነው። ሁለቱንም ጫፍ በእሾህ አሳጠረው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ወንዙ እየሞላ ሳለ አንድ ሰው ከገበያ ሲመለስ ልሻገር አለው። ሰውአገኝ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል ብሎ ከለከለው። ሰውየው «ታዲያ ድልድይ የሠራኸው ቆመን ልናየው ነው?» አለና ወደ መልካው፣ ሰዉ ወንዙን በእግሩ ወደሚሻገርበት፣ ወረደ። ውሃው ወሰደው።

«ደንቡን ነው የጠበቅህ» አልኩት።

«ደንቡን ነው የጠበቅሁ» አለ። «በአሥራ ዘጠኝ ቀን አንድ ሰው ይችል ነበር፣ እስከዳር። አርባ ሰውም ይችል ነበር። ያኔም አውቀው ነበር።»

ያን ቅዳሜ ማታ ቤት ገብቶ እራት በልቷል። እኔም «ሥራ እንዴት ነው?» ብዬው ይሆናል። እሱም «ሄዷል» ብሎኝ ይሆናል።

ይህን በነገረኝ ማግስት ከያሕያ ሱቅ ባለ ሁለት መቶ ገጽ ደብተር ገዝቶ መጣና መጻፍ ጀመረ። ታሪኩ ስለ አንድ መሐንዲስና ስለ አንድ ወንዝ ነው። የሟቹን ስም ሳይለውጥ አድማሴ አለው፤ «ያን ጊዜ አንድ ሰው ብዬ ጽፌዋለሁ፣ አሁን በስሙ ልጻፈው» አለ። መሐንዲሱን ግን ሌላ ስም ሰጠው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያነበበልኝ ዕለት እስኪያመኝ ስቄያለሁ። አንቀጾቹ ሁሉ ቁጥር አላቸው፤ 1.1፣ 1.2፣ 1.2.1። የአድማሴ ሚስት ወደ ታሪኩ ስትገባ «ቁመቷ 1.62 ሜትር ሲሆን በስተቀኝ በኩል እንስራ ይዛለች» ይላል።

«ልትቀብራት ነው የለካሃት?» አልኩት።

«ሰው እንዲያያት ነዋ!»

«ቀሚሷስ ምን ዓይነት ነው?»

አሰበ። «አላየሁትም።»

«አንተ ፈጥረሃት?»

ተቆጣና ደብተሩን ይዞ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ «አረንጓዴ ነው፤ ጫፉ ታጥፎ የተሰፋ፣ ሲያጥር እንዲፈታ» አለኝ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ልብስ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሌላ ሆነ። ጠዋት ቁርስ በልተን ዕቃ እስካነሳ አይጠብቅም፤ ሳህኑን ገፋ አድርጎ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል። እኔ ሽንኩርት ስልጥ እሱ ቀና ብሎ «ሴት ባሏ ሲዘገይባት መጀመሪያ የምትሠራው ምንድነው?» ይለኛል። «ምጣዱን ታወርዳለች» እለዋለሁ። ይጽፈዋል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልነገረኝን ሁሉ ነገረኝ። ዋልድባ መንገድ ላይ ስለተገለበጠው ገልባጭ መኪና፣ ፌሮ እያጠፈ ስለሚያዜም ሠራተኛ፣ ጭልጋ ድንኳን ውስጥ ብቻውን ስላሳለፈው ፋሲካ። እኔም አንዳንዱን ነገርኩት። እግዚአብሔር ሦስቱን ዓመት ባይጨምርልኝ ኖሮ ከማን ጋር እንደኖርኩ ሳላውቅ ነበር የምሸኘው።

መጽሐፉ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አለቀ። ሦስት መቶ ገጽ ሆነ። የያሕያ ልጅ ያስሚን፣ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ በኮምፒዩተር ጻፈችው። ያሕያ ወዲያው እናሳትመው አለ። ሰውአገኝ እምቢ አለ።

«ክረምት ይለፍበት» አለ።

«ቤት ነው እንዴ? ያፈስሳል?» አለ ያሕያ።

«ሊያፈስስ ይችላል።»

የግንባታ ሥራ ሁለት ርክክብ አለው። ሥራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ተቆጣጣሪዎች እየዞሩ ያዩና የጉድለት ዝርዝር ይጽፋሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ይቆያል፤ ክረምቱን ያያል። ጉድለቱ ሁሉ ተስተካክሎ ሲያበቃ የመጨረሻ ርክክብ ይፈረማል። ሰውአገኝ መጽሐፉንም እንደዚያ አደርገዋለሁ አለ። ጥቅምት ሃያ ቀን እኔን፣ ያሕያንና ያስሚንን ሳሎን አስቀምጦ ለእያንዳንዳችን ኮፒና እርሳስ ሰጠን። ራሱ ደግሞ ጥፋተኛ ይመስል በር አጠገብ ተቀመጠ።

«እስከ ዘጠና ገጽ ድረስ ማንም አይበላም፣ አይጠጣም» አለ ያሕያ። «እነዚህ ሰዎች ምግብ አያውቁም እንዴ?»

«ጻፍ» አለው ሰውአገኝ። ያሕያ ጻፈ፤ ተራ ቁጥር አንድ።

ያስሚን «መሐንዲሱ ሚስቱን በስሟ ጠርቷት አያውቅም» አለች። ሰውአገኝ ወደ እኔ አየ። እኔ ገጹን ገለጥኩ። ያም ተጻፈ። እንዲህ እያልን አሥራ ሦስት ጉድለት አገኘን። እሱ ግን በቃኝ አላለም።

«አንድ ተረካቢ ይቀራል» አለ።

የአድማሴ ሚስት ባንቺአየሁ በሕይወት አለች፤ ያኔ ሁለት ልጅ ይዛ ቀርታ አሳድጋ ድራለች። ሰውአገኝ በዚያ መንገድ ስንት መቶ ጊዜ ሲያልፍ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። ኅዳር ላይ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት ሁለታችን በአውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ሄድን። ከዚያ በእግራችን ወረድን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆመ። ድንጋይ አንስቶ መደገፊያውን መታ መታ አደረገና ድምፁን አዳመጠ። ከዚያ ተሻገርን። እጄን ይዞኝ ነበር፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

ባንቺአየሁ ደጅ ላይ የገብስ ዘር ስትለቅም አገኘናት። ሰውአገኝ ማን እንደሆነ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«አውቄሃለሁ አያ እንጂነር። ሸበትህ እንጂ አልተለወጥህም። ግቡ።»

ለምን እንደመጣ ነገራት። አድማሴን በመጽሐፍ እንደጻፈው፣ ሰምታ ጉድለቱን እንድትነግረው እንደሚፈልግ። እሷ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈችና «አንብብ» አለችው። ሁሉን ሊያነብ አይችልም፤ አድማሴ ያለበትን አነበበላት። ስለ ቀሚሱ ሲያነብ «አረንጓዴ አልነበረኝም» አለች፤ ቀጥላ ደግሞ «ይሁን፣ ሸጋ ነው» አለች። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ደረሰ። አድማሴ ከእሾሁ አጥር ወዲያ ቆሞ የሚናገርበት ነው። ሰውአገኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በቁጣ አነበበው። «ታዲያ ድልድይ የሠራኸው ቆመን ልናየው ነው?»

ባንቺአየሁ እጇን አነሳች።

«ቆይ አያ እንጂነር። ማነው የተቆጣ?»

«አድማሴ ነዋ።»

«አድማሴማ አልተቆጣም።»

«እኔ እኮ ከፊቱ ቆሜያለሁ፣ እህቴ። ፊቱን አይቼዋለሁ።»

«ፊቱን ማየት ምን ይረባል! አድማሴ ሲቀልድ ነው ፊቱን የሚያጠቁር። የሰርጋችን ዕለት አባቴ ፊት ቆሞ ኮስተር ብሎ ‹ይቺ አይደለችም፣ ታናሿ ናት የተሰጠችኝ› ብሎ ሰው ሊያጋድል ነበር። እሱ በፊቱ አይስቅም። ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚስቅ። ትከሻው ነው የሚስቅ።»

ሰውአገኝ ወረቀቱን አየ። አላነበበም። እኔ ተቀብዬው የቀረውን መስመር አነበብኩላት። «ይህን ብሎ ፊቱን አዞረና ወደ መልካው ወረደ። ትከሻው በንዴት ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ባንቺአየሁ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቀች። ዕንባዋም እየወረደ ነው፣ እየሳቀችም ነው።

«አየኸው! አንተው ጽፈኸዋል! እየሳቀ ነው እኮ የወረደው። ይኸን መልካ ከልጅነቱ ሲሻገረው የኖረ ሰው፣ አንተን ሊያበሽቅ ነው እንጂ! እኔን እንኳ ማንም አልነገረኝም፤ ተጣልቶ ነው የሄደው ብለውኝ ነበር።» ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሃያ ስድስት ዓመት ተቆጥቶ ሞተ እያልኩ ኖሬያለሁ። ስቆ ነው የሄደ። ተመስገን።»

ባሌ የጉድለት ዝርዝሩን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋና ጻፈ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት፤ አድማሴ ይሳቅ።

ስንነሳ በሶ ቋጥራ ሰጠችን። በር ላይ «ምነው አያ እንጂነር፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ሳትመጣ?» አለችው።

«ፈርቼ ነው።»

«ድልድዩን በየቀኑ እሻገረዋለሁ። አንድም ቀን አልረገምሁህም። አስተካክለውና ክረምት ሲያልፍ ና አንብብልኝ። ሲስቅ ልስማው።»

በአውቶቡሱ ውስጥ ሰውአገኝ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር እስክንደርስ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ተኛ። መኪና ውስጥ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ እንቅልፉ ደኅና ሆነ። ስለዚህ ባንቺአየሁን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም።

አሥራ ሦስቱን ጉድለቶች እስከ ሚያዝያ አስተካከላቸው። ሰዎቹ መብላት ጀመሩ። መሐንዲሱ ሚስቱን በስሟ ጠራት፤ ስሟን ግን ለእኔ ልተወው። ከእያንዳንዱ ተራ ቁጥር አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት አደረገ። አሥራ አራተኛው ግን እምቢ አለ።

ያሕያ ቀላል ነው ብሎት ነበር። «‹በንዴት› የሚለውን አውጥተህ ‹በሳቅ› በል። አንድ ቃል ናት። ያስሚን አሁን ትቀይርልሃለች።»

«ያ የቀለም ጉዳይ ቢሆን ነበር» አለው ሰውአገኝ። «ይኸ ግን መሠረት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰማንያ ስምንት ገጽ የቆመው በአድማሴ ቁጣ ላይ ነው። መሐንዲሱ የሚሸሸው፣ የማይተኛው፣ በዚያ መንገድ ሲያልፍ የማይወርደው ሰውየው ተቆጥቶበት ስለሞተ ነው። ሰውየው ከሳቀ ምን ላድርገው?»

«ይውረዳ!» አለ ያሕያ። «አንተ ወርደህ የለም?»

ሰውአገኝ ሳቀ። «እሱን ነው መጻፍ ያቃተኝ» አለ።

በዋናው ጽሑፍ ላይ ምልክት አያደርግም፤ ዋና ፕላን ላይ አይሰረዝም ይላል። ስለዚህ በሞከረ ቁጥር ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ፎቶ ኮፒ ያስነሳና በኮፒው ላይ ይሠራል። የተበላሹትን ሁሉ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ስምንት ናቸው። በአንዱ ላይ አድማሴ «ሃ ሃ» ብሎ ይስቃል፤ ሰውአገኝ ራሱ ከጎኑ «አይ» ብሎ ጽፎበታል። በሌላው ላይ የትከሻውን እንቅስቃሴ አንድ ገጽ ሙሉ ይገልጻል፤ እሱን ሲያነብልኝ «በል አሁን ደግሞ ትከሻውን ለካው» ብዬ ስቄበታለሁ። ሰውን ከጀርባው ሲስቅ ማሳየት፣ የሚያየው ሰው ደግሞ ሳቅ መሆኑን ሳያውቅ፣ አንባቢው ግን እንዲያውቅ፤ እንዴት ይደረጋል እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ፊደል አስተማሪ ነኝ። አላውቅም እለዋለሁ።

ግንቦት ላይ ባንቺአየሁን ደግሜ ልጠይቃት አለ። ሌላ ጊዜ ሲስቅ እንዴት እንደነበር፣ ከሳቀ በኋላ ምን እንደሚል። ግን መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ስልክም አልሠራ አለ። «ይሁን፣ ክረምት ሲያልፍ እሄዳለሁ፤ ቀጠሮዬም ለዚያው ነው» አለ። ነሐሴ አሥራ አንድ ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ጃንጥላውን ይዞ «ዘጠነኛውን ላስነሳ፤ ዛሬ የያዝኩት ይመስለኛል» ብሎ ወጣ። እኔ ስንዴዬን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

ምን እንደያዘ አላውቅም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ገና ኮፒ አልተነሳማ።

የቀብሩ ዕለት ዘነበ። ያሕያ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከልጆቹ ጋር በዝናብ ቆሞ ጠበቀን። አብረውት የሠሩ ግንበኞች ከዳባትና ከደባርቅ መጥተው ነበር፤ መንገዱ ያሳለፋቸው።

አርባው የዋለው ከደመራ በፊት መስከረም አሥራ አምስት ነው። ባንቺአየሁ መጣች። መርዶውን ዘግይታ ነው የሰማች። መንገዱ የተከፈተ ዕለት ተሳፍራ፣ በሶ ይዛ መጣች። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እቴ፣ ሳቀ?»

ስለ ማን እንደምትጠይቀኝ ገባኝ።

«አልሳቀም» አልኳት። «ብዙ ሞከረ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ስምንቱን ኮፒ አምጥቼ አንድ በአንድ አነበብኩላት። «ሃ ሃ» የሚለው ላይ «እውነቱን ነው፣ እንዲህ አይደለም» አለች። ትከሻው አንድ ገጽ ሙሉ የሚንቀጠቀጥበት ላይ ራሷ ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ። አድማሴ ሲስቅ መጀመሪያ ግራ ትከሻው ነው የሚነሳው። ሲጨርስ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ወርወር ያደርጋል፤ ቻው እንደማለት ነው። ይህን ሰውአገኝ ያኔ ቢያውቅ ይጠቅመው ነበር። በጉድለት ዝርዝሩ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

«አንቺ ጻፊዋ» አለኝ ያሕያ በሌላ ቀን። «ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ምን ትላለች፣ ምን ታደርጋለች› እያለ ሲጠይቅሽ የኖረው አንቺን ነው። ግማሹ ያንቺ ነው።»

አንድ ቀን ጠዋት ሞከርኩ። ቁርስ በላሁ፣ ሳህኑን ገፋ አደረግሁ፣ ወረቀት ዘረጋሁ። ሦስት መስመር ጻፍኩ። የጻፍኩት ስለ አድማሴ አልነበረም፤ የሰውአገኝ ጀርባ ነበር፣ ጃንጥላ ይዞ ሲወጣ። አጥፌ አስቀመጥኩትና ሳህኑን አጠብኩ።

ጥቅምት ሃያ ቀን የመጨረሻ ርክክብ ነበር። ያሕያና ያስሚን መጡ። ባንቺአየሁ መንገዱ ዳግም ስለተዘጋ አልመጣችም። ሰውአገኝ ይቀመጥበት በነበረው ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ያስሚን ዝርዝሩን ጮክ ብላ አነበበች። ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት እያየን፣ ገጹን እየገለጥን፣ ተስተካክሏል አልን። አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እንረከብ ወይስ አንረከብ?» አለ ያሕያ። ያን ዕለት አልቀለደም።

ባሌ አንድ ጉድለት ስለቀረው ብቻ ሰው የማይሻገርበት ድልድይ እንዲቆም አይፈልግም ነበር። አንዴ ከልክሎ አይቶታል። «እንረከብ» አልኩ። ያስሚን ከዝርዝሩ ሥር «አንድ ጉድለት ሳይስተካከል ተረክበናል» ብላ ጻፈች፤ ሦስታችንም ፈረምን። ያሕያ በራሱ እጅ አራት ጥራዝ ጠረዘ። አንዱ ለፅዮን ነው። አንዱ ያሕያ ሱቅ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ ቆሞ ያነበዋል። አንዱ አምባ ጊዮርጊስ ደርሷል፤ የባንቺአየሁ የልጅ ልጅ ታነብላታለች ብለውኛል። አንዱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ለሦስቱ ዓመታት አመሰግናለሁ። እሱንም፣ የሰጠኝንም።

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ አድማሴ አሁንም ተቆጥቶ ነው ወደ መልካው የሚወርደው። ተራ ቁጥር አሥራ አራት አልተስተካከለም።